የበረሓ ጉንዳን ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጥበብ

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካችን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን እንደ ላከው የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። መምህራንም ይህን ምክር ሲተረጕሙ በመከር ስለምታከማቸው እህል፣ አለቃ ሳያዛት ስለምታሳየው ትጋት ብዙ ተናግረዋል። በምክሩ ውስጥ «መንገድ» የተባለውም ጠባይዋና ሥራዋ ነው። እኛ ግን ዛሬ ቃሉን በቁሙ ወስደን በእግሯ ስለምትሄድበት መንገድ ለመናገር አስበናል፤ ይኸውም ከጕድጓዷ ወጥታ በባዶ ምድር ላይ ርቃ ከሄደች በኋላ፣ ከጣት ጫፍ ብዙም የማትሰፋውን ደጃፏን እንደ ምን ታገኛለች የሚለው ጥያቄ ነው።

በመቐለ ከተማ በዓዲ ሓቂ የሚኖር ሰው ጉንዳን ለመመልከት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የትግራይ ሰው «ጻጸ» የሚላት ይህች ፍጥረት በግቢው፣ በአጥሩ ሥር፣ እህል በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ቅንጣት ተሸክማ በሰልፍ ስትመለስ ያያታል። ሰልፉ የሚያልፍበትን መሬት በጣቱ አቋርጦ ቢጠርገው ወዲያው ከፊት ያሉት ይቆማሉ፤ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዷ የተጠረገውን ስታልፍ ሌሎቹ ይከተሏታል። ይህም የሚሆነው ከሆዳቸው የሚወጣ ሽታ በምድር ላይ እንደ መስመር ተሰምሮላቸው ስለ ነበረ ነው። የእነዚህ ጉንዳኖች መንገድ እንግዲህ በምድር ላይ የተጻፈ ነው፤ ጽሕፈቱ ሲደመሰስ መንገዱም ይጠፋቸዋል።

ነገር ግን ከዓዲ ሓቂ ተነሥተን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ብናደርግ ምድሩ ይለወጣል። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በበርሃሌ በኩል ወደ አፋር ምድር የሚወርደው ሰው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው የጨው ሜዳ ይደርሳል። አሞሌ የሚጭኑ የአርሆ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውንና በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ለብዙ መቶ ዓመታት የተመላለሱበት መንገድ ይህ ነው፤ ዛሬ አብዛኛውን የመንገዱን ክፍል የጭነት መኪና ወስዶታል። በዚያ ሜዳ ላይ ዛፍ የለም፤ ጥላም የለም፤ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰው ብቻውን አይሄድም። አካሄድ የሚያውቅ መሪ ይቀድማል፤ ከእርሱ በፊት ያለፉት ግመሎች ፍለጋ ይታያል፤ መንገዱን ደጋግሞ የሄደ እንስሳም ራሱ ያውቀዋል። አንዱ ቢስት ሌላው ያርመዋል።

ታዲያ በእንዲህ ያለው ሜዳ ላይ ብቻዋን የምትሄድ ጉንዳን አለች። የፀሓይ ትኩሳት በምድር ላይ የሚቀባውን ሽታ ስለሚያጠፋው እንደ ዓዲ ሓቂዋ ጉንዳን በሽታ መስመር መመራት አይሆንላትም። ሊቃውንት የዚህን ወገን ጉንዳኖች «ካታግሊፊስ» ብለው ይጠሯቸዋል። ከሰሜን አፍሪካ እስከ መካከለኛው እስያ በሚገኙት ደረቅ አገሮች ይኖራሉ፤ አገራችንም ከእነርሱ ባዶ አይደለችም፤ ከዘሮቹ አንዱን የስዊስ ሊቅ ኦጉስት ፎሬል በ1904 በሐበሻ ስም «አቢሲኒካ» ብሎ ሰይሞታል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ሊቃውንትን ሥራ ስናነሣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) እግራቸው ረዥም ነው፤ ሩጫቸውም ዓይን ለመከተል ይቸግረዋል። ለምግብ ፍለጋ የሚወጡት ሁሉ ሴቶች ስለ ሆኑ እኛም በአንስታይ ጾታ መጥራታችን ልማድን ስለ መከተል ብቻ አይደለም።

ይህች ጉንዳን የምትወጣው ሌላው ፍጥረት ሁሉ በጥላ ሥር በሚሸሸግበት በቀትር ነው። ለምን ቢሉ ምግቧ ትኩሳት የገደላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸውና፤ የሞተች ዝንብ፣ የደረቀ አንበጣ ታገኝ እንደ ሆነ ትፈልጋለች። ሰውነቷ ለጥቂት ጊዜ እስከ 50 የሴንቲግሬድ ደረጃ የሚደርስ ትኩሳት ይችላል፤ ነገር ግን ትዕግሥቷ ወሰን አለው። ደጃፏን አጥታ በሜዳው ላይ ብትዘገይ እርሷም እንደምትለቅማቸው ነፍሳት በድን ሆና ትቀራለች። ለፍለጋ መውጣት ከጀመረች በኋላ የምትኖረው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤትን ማግኘት ለእርሷ የሕይወትና የሞት ነገር ነው።

አሁን ጕዞዋን እንመልከት። ስትወጣ በቀጥታ አትሄድም፤ ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፣ ትዞራለች፣ ተመልሳ ታቋርጣለች። እንዲህ እየተንከራተተች ከጕድጓዷ ብዙ መቶ ሜትር ልትርቅ ትችላለች። የምትፈልገውን ባገኘች ጊዜ ግን መጥታበት በነበረው ጠማማ መንገድ አትመለስም። ምግቧን በአፏ ይዛ ፊቷን ወደ ቤቷ ታቀናለች፤ እንደ ተወጠረ ገመድ በቀጥታ ትሮጣለች። በቅሎ ጠፍቶበት ቀኑን ሙሉ በማያውቀው ሜዳ ሲባዝን የዋለ ሰው ምልክት በሌለበት ስፍራ ቆሞ «ቤቴ በዚህ በኩል ነው፤ ርቀቱም ይህን ያህል ነው» ሊል ይቻለዋልን? ጉንዳኗ ግን ይህንኑ ታደርጋለች።

ምሥጢሩ ሒሳብ ነው። ጉንዳኗ የመጣችበትን መንገድ አታስታውስም፤ በየእርምጃዋ የምትይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ከዚህ ቤቴ በየት በኩልና በምን ያህል ርቀት ነው» የሚለው ነው። ለምሳሌ ወደ ምሥራቅ 30 ሜትር ሄዳ ከዚያ ወደ ሰሜን 40 ሜትር ብትሄድ፣ በእግሯ የሄደችው 70 ሜትር ነው፤ ቤቷ ግን በደቡብና በምዕራብ መካከል፣ ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ 50 ሜትር ብቻ ይርቃል። ይህን ለማወቅ ተማሪ ደብተርና እርሳስ ያስፈልገዋል። እርሷ ግን ጭንቅላቷ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ በሩጫ ላይ እንዳለች ታሰላዋለች፤ በታጠፈችም ቍጥር የቀድሞውን ሰርዛ በአዲሱ ትተካዋለች። ለዚህ ሒሳብ ሁለት ነገሮች የግድ ያስፈልጓታል፤ አንደኛው አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ርቀት።

የአቅጣጫውን ነገር አስቀድሞ የመረመረው በቱኒዝያ በካይሩዋን ከተማ በሐኪምነት ይሠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ፊሊክስ ሳንቺ ነው። በ1911 ያሳተመው ፈተና እጅግ ቀላል ነበር፤ ወደ ቤቷ የምትሄደውን ጉንዳን በሰሌዳ ከፀሓይ ከልሎ፣ በሌላው ወገን በመስተዋት የፀሓይን ብርሃን አበራላት። ጉንዳኗም ፀሓይ ቦታዋን የለወጠች መስሏት ፊቷን መልሳ ወደ ኋላ ሄደች። የዓዲ ሓቂ ተማሪም ይህን ፈተና ፀሓይ ዝቅ ባለችበት በጧት ወይም በማታ ሰዓት ሊሞክረው ይችላል፤ ብቻ በሰልፍ የምትሄደውን ሳይሆን ብቻዋን የምትሄደውን ይምረጥ፤ የሰልፈኛዋ ዓይን ቢታለል እንኳ ሽታው አይለቃትምና።

ሳንቺ ግን ሌላም ነገር አይቶ ነበር። ፀሓይ ጨርሳ ብትሸፈንም ጥቂት የሰማይ ክፍል ከታየቻት ጉንዳኗ አቅጣጫዋን አትስትም። ባዶው ሰማይ ለእኛ ሁሉም ሰማያዊ ነው፤ እርሷ ምን አየችበት? መልሱ ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ ከቆየ በኋላ በ1949 ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው የኦስትርያ ሊቅ በንቦች ላይ ባደረገው ምርምር ተገለጠ። ነገሩን በሸማኔ ሥራ ብንመስለው ይቀላል። ከፀሓይ በቀጥታ የሚወጣው ብርሃን እንደ ባዘቶ ነው፤ ጭረቱ ወደዚህም ወደዚያም ይመለከታል። ይህ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲበተን ግን እንደ ተዘረጋ ድር ወደ አንድ ወገን ይሰለፋል፤ የድሩም አዘራር ከፀሓይ አቀማመጥ ጋር ይሄዳል። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ብርሃን «ፖላራይዝድ» ይሉታል። የሰው ዓይን ድሩን ከባዘቶው አይለየውም። በጉንዳኗ ዓይን የላይኛው ጠርዝ ላይ ግን ይህን ለመለየት ብቻ የተዘጋጁ ጥቃቅን የዓይን ክፍሎች አሉ። እንግዲህ ለእርሷ ሰማዩ ሁሉ የተሰመረ ካርታ ነው ማለት ነው።

ፀሓይ ባለችበት አትቆምምና ጉንዳኗ የሰዓቱን ለውጥ ደግሞ ማሰብ አለባት። ይህ በእኛ አገር የበለጠ ይከብዳል። በመቐለ ፀሓይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 18 ገደማና በነሐሴ 10 ገደማ፣ በቀትር በቀጥታ በአናት ላይ ትሆናለች፤ የቆመ ሰው ጥላም ከእግሩ ሥር ይሰበሰባል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ነው። በእነዚያ ቀኖች ፀሓይ ጧት ሙሉውን በምሥራቅ በኩል ቆይታ በቀትር በጥቂት ደቂቃ ወደ ምዕራብ ትሻገራለች። ስለዚህ ፀሓይን ብቻ ይዞ አቅጣጫን መጠበቅ በቆላ አገር ቀትር ላይ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የሰማዩ ድር ጥቅሙም የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ ርቀቱ ደግሞ እንናገር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዙሪኩ ሊቅ ሩዲገር ቬነርና ደቀ መዛሙርቱ በቱኒዝያ በማህሬስ አጠገብ፣ የአፋርን በሚመስል የጨው ሜዳ ላይ፣ ይህችን ጉንዳን ሲያጠኑ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ርቀትን በምን ትለካለች? በድካሟ ነውን? በጊዜው ነውን? ወይስ እርምጃዋን ትቆጥራለች? ይህን ለማወቅ ማትያስ ቪትሊንገር፣ ቬነርና ሃራልድ ቮልፍ በ2006 ያሳተሙት ፈተና ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ጉንዳኖቹን 10 ሜትር በሚረዝም ቦይ ውስጥ ከቤታቸው እስከ ምግቡ አስኬዷቸው። ምግቡ ጋ ሲደርሱ ያዟቸውና በአንዳንዶቹ እግር ላይ የዓሣማ ጠጕር እንደ ምርኵዝ አጣብቀው እግራቸውን አስረዘሙ፤ የሌሎቹን እግር ቈርጠው አሳጠሩ። ከዚያ በኋላ ለመመለስ ለቀቋቸው። ረዥም እግር የተሰጣቸው ቤታቸውን አልፈው ከ15 ሜትር በላይ ሄደው ፍለጋ ጀመሩ፤ እግራቸው ያጠረው ግን 6 ሜትር እንኳ ሳይሞሉ ቆሙ።

ነገሩ በገበያ ሸማ በክንድ እንደሚለካው ዓይነት ነው። ሻጩ በአጭር ክንዱ ዐሥር ክንድ ለክቶ ገዢው በረዥም ክንዱ ዐሥር ክንድ ቢጠይቅ ሁለቱም ቍጥር አልሳቱም፤ ልዩነቱ በክንዱ ላይ ነው። ጉንዳኖቹም ቍጥር አልሳቱም፤ ሲሄዱ በቈጠሩት እርምጃ ልክ ተመለሱ፤ የተለወጠው እርምጃቸው ነበር። ይህ ለመሆኑ ማረጋገጫው፣ እነዚያው ጉንዳኖች በአዲሱ እግራቸው ከቤታቸው ወጥተው በዚያው እግር በተመለሱ ጊዜ ርቀቱን በትክክል ማግኘታቸው ነው። (የእግሩን መቍረጥ ግን ማንም ተማሪ እንዲከተለው አንመክርም፤ የመስተዋቱ ፈተና ይበቃል።)

ደገኛ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ «ተራራና ገደል ቢኖርስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ከመቐለ ወደ በርሃሌ በእግሩ የወረደ ሰው የመሬቱ ርቀትና የእግሩ ድካም አንድ እንዳልሆኑ ያውቃልና። ይህም በ2001 ተፈትኗል። ጉንዳኖቹን ሽቅብና ቍልቍል በበዛበት ቦይ ካስኬዷቸው በኋላ በሜዳ ሲለቋቸው፣ የሮጡት በእግራቸው የወጡትንና የወረዱትን ያህል ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የሜዳውን ርቀት ያህል ነበር። ስለዚህ የዳገቱን ዘንበልታ እየለካች ከሒሳቧ ትቀንሳለች ማለት ነው። ሰው ይህን የሚያደርገው በመሬት መለኪያ መሣሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን አንድ ደካማ ጎን አለው። ምግቧን አግኝታ ልትመለስ የተዘጋጀችውን ጉንዳን አንድ ሰው በተዘጋ ዕቃ ከቶ ወደ ሌላ ስፍራ ወስዶ ቢለቃት፣ ያለፈችበት መንገድ በሒሳቧ አይገባም። ወዲያው ቀጥ ብላ ትሮጣለች፤ አቅጣጫው የቀድሞው ነው፤ ርቀቱም የቀድሞው ነው። በመጨረሻ የምትቆመው ቤቷ ሊሆን በሚገባው ነገር ግን ምንም በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ነው።

ሒሳቡ የሚጠፋው ግን በተዘጋ ዕቃ ስለ ተወሰደች ነው። በ2016 ሣራ ፕፌፈርና ቪትሊንገር ያሳተሙት ምርምር እንደሚያሳየው፣ ጉንዳን ጓደኛዋን በአፏ አንጠልጥላ ከአንዱ ጕድጓድ ወደ ሌላው ስትወስዳት፣ የተሸከመቻት ጓደኛ እግሯን ባታንቀሳቅስም ርቀቱን ታውቀዋለች። ከሥሯ የሚያልፈውን መሬት በዓይኗ ስለምትመለከት ነው። የዓይኗን የታችኛውን ክፍል ሸፍነው በሞከሩ ጊዜ ግን ይህ ዕውቀት ቀረ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ መቐለ መጥተው በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። በእግሩ የመጣው ሰው ቤቱ በየት በኩል እንደ ሆነ እጁን ዘርግቶ ያመለክታል፤ በሌሊት ሸራ በለበሰ መኪና የመጣ ሕፃን ግን ይህን ማመልከት አይቻለውም። ሕፃኑ ሌላው ቢቀር አባቱን ይጠይቃል። ጉንዳኗ የምትጠይቀው የላትም።

ታዲያ በባዶ መሬት ላይ የቆመችው ጉንዳን ምን ታደርጋለች? ይህን ማወቅ ለእኛ ከሒሳቧ ይልቅ ትልቅ መስሎ ይታየናል። እንዳጋጣሚ ወደ አንድ ወገን አትሮጥም። መጀመሪያ አጭር ዙር ዞራ ሒሳቧ ወዳመለከታት ነጥብ ትመለሳለች፤ ከዚያ በሌላ ወገን ሌላ ዙር ትዞርና እንደ ገና ትመለሳለች፤ ዙሩ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ መካከሉ ግን አይለቀቅም። ቤቷ ይበልጥ ሊገኝ የሚችለው ከነጥቡ አጠገብ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜዋን በዚያ ታጠፋለች፤ ነገር ግን በሒሳቧ ስሕተት ሊኖር ስለሚችል እየራቀች ትሞክራለች። ማንም ሳይሸከማት እንኳ በረዥም ጕዞ ጥቂት ስሕተት አይታጣምና፣ በየዕለቱ ብዙዎቹን የሚያድናቸው ይህ አፈላለግ ነው። በጨው ሜዳው ትኩሳት ግን ለዙሩ የሚሰጣት ጊዜ አጭር ነው።

ለዚህ ነው ሒሳቧን ብቻ አምና የማትወጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጕድጓድ የምትወጣ ጉንዳን ወደ ምግብ ፍለጋ አትሄድም። ለሁለትና ለሦስት ቀን ያህል በደጃፏ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እየሄደች በየጊዜው ትቆማለች፤ ዞራም ቤቷ ወዳለበት ትመለከታለች፤ የአካባቢውን መልክ ታጠናለች። ያጠናችው ምስል ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ በ1979 ታይቷል። ቬነርና ረዳቱ ከጕድጓዱ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ግንዶች አቆሙ፤ ጉንዳኖቹም ቤታቸውን በሁለቱ መካከል መፈለግ ለመዱ። የሁለቱን ግንዶች ርቀት ሁለት እጥፍ ባደረጉት ጊዜ ጉንዳኖቹ ግራ ተጋቡ፤ መካከሉን ትተው በአንዱ ወይም በሌላው ግንድ አጠገብ ፈለጉ። ግንዶቹን ደግሞ ሁለት እጥፍ ባሳደጓቸው ጊዜ ወደ መካከሉ ተመለሱ፤ ከዚያ ሲታይ ምስሉ እንደ ቀድሞው ሆኖላቸዋልና።

በጨው ሜዳ መካከል ግን የሚጠና ምስል ከወዴት ይመጣል? ቍጥቋጦ ባለበት በሜዳው ዳር የሚኖሩት ጉንዳኖች ደጃፋቸውን ዝቅ አድርገው ይተዉታል። በመካከል ያሉት ግን በደጃፋቸው ላይ አፈር እየከመሩ ከሩቅ የሚታይ ጕብታ ይሠራሉ። ማሪሊያ ፍሬይሬና ጓደኞቿ በ2023 እንዳሳተሙት፣ ጕብታዎቹን አፍርሰው በአንዳንዶቹ ቤቶች አጠገብ ጥቁር ግንድ ባቆሙ ጊዜ፣ ግንድ የቆመላቸው አብዛኞቹ መልሰው ለመሥራት አልተጣደፉም፤ ያልቆመላቸው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ጕብታቸውን እንደ ገና ማነሣት ጀመሩ። ወደ ሩቅ የሚወጡትና መጥፋት ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት አሮጊቶቹ ናቸው፤ አፈሩን የሚሸከሙት ግን ገና ከደጃፍ ያልራቁት ወጣቶች ናቸው።